ስስ ግድግዳ ያለውን ቱቦ ሳይሰረጉድ የማጠፍ አሠራር

የማቀዝቀዣ ጥገና የሚማር ሰው የመጀመሪያውን የመዳብ ቱቦ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በሁለት እጁ ሲያጥፈው ነው። ቱቦው ለጥቂት ዲግሪ ያህል እሺ ብሎ ይጎብጣል፤ ከዚያም እጅ ላይ ድንገት ላላ ይልና ሆዱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ያ ስፍራ አንዴ ከተሰረጎደ ወደ ቀድሞ ክብነቱ ስለማይመለስ ቆርጦ ከመጣል ሌላ አማራጭ አይኖርም።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በእጁ ያሳብባል። በእኔ ግምት ግን ከሚበላሹት ቱቦዎች አብዛኞቹ ያለቀላቸው ገና ሳይነኩ፣ ማለትም የእጥፋቱ ክብ ምን ያህል እንደሚጠብ ሲወሰንና ቱቦው የሚደገፍበት መንገድ ሲመረጥ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማጠፉ ይልቅ ከማጠፉ በፊት ላለው ዝግጅት ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። የሚመለከተውም የውጭ ዲያሜትራቸው ከ6 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳቸው ከ0.7 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆኑትን የመዳብ፣ የናስ፣ የአሉሚኒየምና የብረት ቱቦዎች ነው፤ እነዚህም በፍሪጅና በኤር ኮንዲሽነር፣ በቡና ማሽን፣ በወንበርና በአልጋ፣ በብስክሌት ዕቃ መጫኛ ላይ የምናገኛቸው ናቸው።

ግድግዳው የሚሰረጉድበት ምክንያት

ቱቦ ሲታጠፍ የእጥፋቱ የውጭ ጎን ይለጠጣል፣ የውስጡ ጎን ይጨመቃል። ለአነጋገር እንዲመች የውጭውን ጎን ጀርባ፣ የውስጡን ጎን ሆድ እላለሁ። የተለጠጠው ጀርባ እንደ ተወጠረ ገመድ አጭሩን መንገድ ስለሚፈልግ ወደ ሆዱ ይጫናል፤ የተጨመቀው ሆድ ደግሞ መሄጃ ሲያጣ ወደ ጀርባው ይገፋል። ሁለቱ ሲቀራረቡ የቱቦው ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ይሰፋና ክብ የነበረው ቀዳዳ እንቁላል መሰል ይሆናል። ግድግዳው ጫናውን መሸከም ሲያቅተው እጥፋቱ በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበራል፤ ግድግዳው በጣም ስስ ከሆነ ደግሞ ሆዱ እንደ አኮርዲዮን መናፊያ ይጨማደዳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቱቦ ወደ ጎን ሳይሰፋ መጠፍጠፍ አለመቻሉ ነው። የግድግዳው ዙሪያ ያው በመሆኑ በአንድ በኩል የጠበበ ቱቦ በሌላ በኩል መስፋት አለበት። ስለዚህ ግራና ቀኙን ከውጭ አጥብቆ የያዘው ነገር ካለ፣ ወይም ውስጡ በማይጨመቅ ነገር ከተሞላ፣ የመሰርጎጃ መንገዱ ይዘጋል። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ዘዴዎች ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን የሚያደርጉ ናቸው፤ የትኛውንም ቢመርጡ የሚጠይቁት ጥያቄ «ቱቦው ወደ የት ሊሰፋ ይችላል?» የሚል ይሁን።

ክቡን መወሰን

ማንኛውንም መሣሪያ ከማንሣት በፊት ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የቱቦው የውጭ ዲያሜትር ለግድግዳው ውፍረት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 3/8 ኢንች የሚባለው የማቀዝቀዣ መዳብ የውጭ ዲያሜትሩ 9.52 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ውጤቱ 12 ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ ግን 25 ይመጣል፤ በእጅ ሲያዝ ጠንካራ ቢመስልም ከመዳቡ ይልቅ ለመሰርጎድ የቀረበው እሱ ነው። ይህ ቁጥር ከ15 በታች ሲሆን ልኩን በጠበቀ ማጠፊያ ብቻ መሥራት ይቻላል። ከ15 እስከ 30 ባለው ውስጥ ቱቦውን መሙላት ይሻላል። ከ30 በላይ ከሆነ ግን በእጥፋቱ ውስጥ አብሮ የሚቆም መደገፊያ ዘንግ ላለው የፋብሪካ ማሽን ቢተው ጊዜና ንብረት ይተርፋል። እነዚህ ወሰኖች እንደ መነሻ የምጠቀምባቸው ናቸው፤ ብረቱ ሲለሰልስ ወይም ክቡ ሲሰፋ ትንሽ ይላላሉ።

ሁለተኛው ቁጥር የእጥፋቱ ሬዲየስ ከዲያሜትሩ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ሬዲየሱ የሚለካው ከክቡ ማዕከል እስከ ቱቦው መካከለኛ መስመር ድረስ እንጂ እስከ ሆዱ ወይም እስከ ጀርባው ድረስ አይደለም። ጀርባው ምን ያህል እንደሚለጠጥ ለመገመት የዲያሜትሩን ግማሽ ለሬዲየሱ ማካፈል ይበቃል። ለ3/8 ኢንች ቱቦ የሚሠሩት ባለ ሁለት እጀታ ማጠፊያዎች ሬዲየሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ጀርባው በመቶ 20 ያህል ይለጠጣል ማለት ነው። ለስላሳ መዳብ ይህን በቀላሉ ይችለዋል። ያንኑ ቱቦ በ15 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ለማጠፍ ቢሞከር ግን ልጠጣው በመቶ 32 ገደማ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ጀርባው ይሳሳል፣ በመሳብ የደነደነ ቱቦ ከሆነም ሊሰነጠቅ ይችላል።

በተግባር ለስላሳ መዳብ በማጠፊያ ከዲያሜትሩ 2.5 እስከ 3 እጥፍ፣ ብረት ከ3 እስከ 4 እጥፍ፣ አሉሚኒየም ከ4 እጥፍ በላይ በሆነ ሬዲየስ ቢታጠፍ መልካም ነው። ምንም ድጋፍ በሌለው ባዶ እጅ ከ8 እጥፍ በታች መሞከርን አልመክርም። ቦታው ጠቦ ከዚህ ያነሰ ክብ የሚያስፈልግ ከሆነ ቱቦውን ማስጨነቅ ትቶ ጎሚቶ (የታጠፈ የቱቦ መጋጠሚያ) ገዝቶ መበየድ ይሻላል፤ ይህን ማድረግ የእጅ ድክመት የሚመስላቸው አሉ፣ ነገር ግን የጎሚቶ ዋጋ ከአንድ ሜትር መዳብ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

መለካትና ምልክት ማድረግ

ቱቦ ቀጥ ብሎ እንደ ሳጥን ማዕዘን አይታጠፍም፤ ማዕዘኑን በክብ ይቆርጠዋል። በመሆኑም ሁለቱን ክንዶች ደምሮ የሚቆርጥ ሰው ሁልጊዜ ትርፍ ርዝመት ይተርፈዋል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሁለተኛው ክንድ መካከለኛ መስመር 200 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያኛው ጫፍ እስከ አንደኛው ክንድ መካከለኛ መስመር 150 ሚሊ ሜትር የሆነ የ90 ዲግሪ እጥፋት ተፈልጓል፤ ሬዲየሱ 24 ነው። የ90 ዲግሪ እጥፋት የሚበላው ርዝመት ሬዲየሱ በ1.57 ሲባዛ የሚገኘው በመሆኑ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ክፍል 200 ሲቀነስ 24፣ ማለትም 176 ይሆናል፤ ሁለተኛው 150 ሲቀነስ 24፣ ማለትም 126 ይሆናል። ሦስቱ ሲደመሩ 340 ይመጣል እንጂ 350 አይደለም።

በቱቦው ላይ ሁለት ምልክቶች ይደረጋሉ፤ አንዱ 176 ላይ፣ እጥፋቱ የሚጀምርበት፣ ሌላው 214 ላይ፣ እጥፋቱ የሚያበቃበት። ምልክቱ በማርከር ይሁን፤ በምስማር ወይም በሰጌቶ ጫፍ የተጫረ መስመር ጀርባው ሲለጠጥ የመሰንጠቂያ መነሻ ይሆናል። ቱቦውን በልኩ ከመቁረጥ በፊት ግን ማጠፍ ይቅደም። ከእጥፋቱ ወዲያና ወዲህ ቢያንስ አንድ ስንዝር ትርፍ ቢተው እጅ የሚይዘው ይኖረዋል፣ ጫፉም ሳይበላሽ ይቀራል።

ቱቦውን ማለዘብ

በጥቅልል የሚሸጠው የማቀዝቀዣ መዳብ ከፋብሪካው ለስላሳ ሆኖ ስለሚመጣ ሌላ ማለዘብ አያስፈልገውም፤ ቀጥ ብሎ በዘንግ መልክ የሚሸጠው ግን ደንዳና ነው። ለስላሳውም ቢሆን ደጋግመው ካቃኑትና ካጠፉት ይደነድናል። ደንዳናውን ለማለዘብ የሚታጠፈውን ክፍልና ከግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ጣት ያህል በጋዝ ነበልባል እያዟዟሩ ማሞቅ ያስፈልጋል። መዳቡ በጥላ ውስጥ ሲታይ ደብዛዛ ቀይ ሲሆን በቂ ነው። በፀሐይ ላይ ከሠሩ ያ ቀለም ስለማይታይ ሳይታወቅ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ስለዚህ ሥራው በቤት ውስጥ ወይም በጥላ ሥር ይሁን። መዳብ እንደ ምላጭ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነከር አይደነድንም፤ ቢነክሩትም ቀስ ብሎ እንዲበርድ ቢተዉትም ልስላሴው አንድ ነው፣ መንከሩ ጥቁሩን ቅርፊት ለማራገፍ ብቻ ይረዳል። ናስ ግን ግሎ ሳለ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በራሱ ይብረድ።

አሉሚኒየም ሌላ ጠባይ አለው። በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ከመቅለጡ በፊት ግን ቀይ ስለማይሆን ቀለሙን የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ እያየ ቱቦው ይፈስስበታል። የሚሠራው ዘዴ የልብስ ሳሙና በቱቦው ላይ ማሸትና ሳሙናው ቡናማ ሆኖ ወደ ጥቁር እስኪያደላ ድረስ ነበልባሉን ከርቀት እያንቀሳቀሱ ማሞቅ ነው። ሳሙናው እንደጠቆረ ነበልባሉ ይነሣ። በሙቀት ሕክምና የጠነከረ የአሉሚኒየም ዓይነት በዚህ መንገድ ሲለዝብ ጥንካሬውን አጥቶ እንደሚቀር መታወቅ አለበት፤ ሰው የሚሸከም ዕቃ ላይ የሚገጠም ከሆነ አያለዝቡት።

የማቀዝቀዣ ቱቦን በነበልባል ለማለዘብ ሁለት ጥብቅ ሁኔታዎች አሉ። ጋዝ ያለበት መስመር በፍጹም አይሞቅም፤ መጀመሪያ ጋዙ በአግባቡ ይወጣል። ባዶ በሆነው ቱቦ ውስጥም ናይትሮጂን በዝግታ ካልተላለፈ የውስጡ ገጽ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል፤ ያ ቅርፊት ቆይቶ ይላቀቅና ካፒላሪውን፣ ማለትም የማቀዝቀዣውን በጣም ቀጭን ቱቦ፣ ይዘጋል። ናይትሮጂን የሌለው ሰው ለስላሳ አዲስ ቱቦ ቢገዛ ይሻለዋል።

በፎርማ ማጠፍ

ፎርማ የምለው ዙሪያው ላይ ቦይ የተቆፈረለትን፣ ቱቦው የሚጠቀለልበትን ክብ ቁራጭ ነው። የተዘጋጀ ባለ እጀታ ማጠፊያ ካለ ቦዩ ውስጥ የተጻፈውን የቱቦ ልክ አይተው ይጠቀሙ፤ ለ1/2 ኢንች የተሠራውን ለ3/8 መጠቀም የተለመደ ስሕተት ነው። ቦዩ የቱቦውን ግማሽ ልክክ አድርጎ ካልያዘ ግራና ቀኙ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል፣ ከላይ የተባለውም መሰርጎድ ይከተላል። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ውጤቱ ላይ ይታያል።

የተዘጋጀ ማጠፊያ ከሌለ ፎርማ መሥራት አስቸጋሪ አይደለም። ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት በቶርኖ ቤት ክብ አስወጥቶ ከቱቦው ዲያሜትር እኩል ስፋትና የዲያሜትሩን ግማሽ ጥልቀት ያለው ቦይ ማስቆፈር ይቻላል። የቦዩ ወለል ከክቡ ማዕከል የሚርቀው የሚፈለገው ሬዲየስ ሲቀነስ የቱቦው ግማሽ ዲያሜትር ነው፤ ለምሳሌያችን 24 ሲቀነስ 4.8፣ ማለትም 19 ሚሊ ሜትር ገደማ። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት በምናለሽ ተራ የሚገኝ አሮጌ ፑሌጃ ቦዩ እንደ V ፊደል ወደ ታች የሾለ ከሆነ አይመረጥ፤ ቱቦውን በሁለት ነጥብ ብቻ ስለሚይዘው ጎኖቹን ይነክሳቸዋል። ቦዩ ክብ የሆነ ፑሌጃ ከተገኘ ግን ከእንጨቱ የተሻለ ነው፤ ለጋለ ብረትም የሚሆነው እሱ ብቻ ነው።

ፎርማው ሞርሳ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ በቡሎን አጥብቆ ይታሰራል። የቱቦው የመጀመሪያ ምልክት ፎርማው ላይ ቱቦው መጉበጥ ከሚጀምርበት ነጥብ ጋር ይገጥማል፣ ከምልክቱ በስተኋላ ያለው ቀጥ ያለ ክፍልም እንዳይንሸራተት በመንጠቆ ወይም በመቆንጠጫ ይያዛል። ከዚያ ቱቦውን ጫፉ ላይ ይዞ መጎተት ሳይሆን፣ እንደ ፎርማው ቦይ የተቆፈረለትን ሌላ የእንጨት ቁራጭ በጀርባው በኩል አስጠግቶ፣ ገና ወደ ፎርማው ከሚገባው ክፍል ላይ እየተጫኑ ማዞር ያስፈልጋል። ጫፉን ብቻ የሚጎትት ሰው ኃይሉ ሁሉ በአንድ ደካማ ነጥብ ላይ ይከማችበታል። የሚንሸራተተው ቁራጭ ቦይ ዘይት ወይም ሳሙና ይቀባል፤ ፎርማውና መቆንጠጫው ግን ደረቅ ይሁኑ።

እጁ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ወጥ ፍጥነት ነው። ብዙዎች መሃል ላይ ቆም ብለው አይተው እንደገና ይቀጥላሉ፤ በቆሙበት ሥፍራ ሁሉ ሆዱ ላይ ትንሽ እብጠት ይቀራል። 90 ዲግሪውን ከአራት እስከ ስድስት ሰከንድ በሚሆን ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ መጨረስ ይመረጣል። የተቃውሞው ስሜት ድንገት ከላላ፣ አንድ ዲግሪም ሳይጨምሩ ያቁሙ።

በስፕሪንግ ማጠፍ

ለ6 እና ለ10 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከውጭ የሚለበስ፣ ለ15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከውስጥ የሚገባ ስፕሪንግ ይገኛል። የውስጡ ስፕሪንግ ከቱቦው ቀዳዳ ጋር ልክክ ያለ መሆን አለበት፤ ከጫፍ ርቆ የሚገባ ከሆነ ጠንካራ ገመድ ወይም ሽቦ ይታሰርበት። ቱቦው ጉልበት ላይ ወይም ክብ እንጨት ላይ በሰፊው ይጎብጣል፣ ከሚፈለገው ሁለት ሦስት ዲግሪ ያህል አልፎ ይመለሳል፤ ይህ መመለስ ስፕሪንጉን ከመነከስ ያላቅቀዋል። ሲወጣ ቀጥ ብሎ ከመጎተት ይልቅ ጥምዝምዙ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ማዞር ውፍረቱን ስለሚቀንሰው ቶሎ ይወጣል። በሌላው አቅጣጫ ከተዞረ ይሰፋና ጭራሹን ይጣበቃል።

በአሸዋ መሙላት

ለስስ ብረትና ለናስ፣ በተለይ ሬዲየሱ ሲጠብ፣ የምተማመነው በአሸዋ ነው። አሸዋው በዱቄት ወንፊት ያለፈ ደቃቅ መሆን አለበት፤ ጠጠር ያለበት አሸዋ ግድግዳውን ከውስጥ ይወጋል። ከደቃቅነቱ ይልቅ ግን ወሳኙ ድርቀቱ ነው። አሸዋው በብረት ምጣድ ላይ ይቆላል፣ እየቆላን የቀዘቀዘ የብርጭቆ ቁራጭ ከላዩ ስንይዝ ጤዛ የማይታይበት ሲሆን ደርቋል ማለት ነው። እርጥብ አሸዋ የተሞላ ቱቦ ነበልባል ሲያገኘው ውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ውታፉን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል፣ ወይም ቱቦውን ይቀደዋል። እኔም «ፀሐይ ላይ ስለዋለ ደርቋል» ብዬ በሞላሁት አሸዋ አንድ ጊዜ የወርክሾፕ መስኮት ሰብሬያለሁ፤ ከቱቦው ጫፍ ፊት ለፊት ሰው አለመቆሙ ዕድል ነበር።

አንደኛው ጫፍ በእንጨት ውታፍ በመዶሻ ተመትቶ ይዘጋል። ቱቦው ቆሞ አሸዋው በማጥለያ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል፣ በየጊዜውም በእንጨት እጀታ ከታች ወደ ላይ ግድግዳው ይንኳኳል። አሸዋው በተንኳኳ ቁጥር ይወርዳል፤ ሲወርድ ይጨመራል፤ መውረዱን እስኪያቆም ድረስ ይደገማል። ለአንድ ሜትር ቱቦ ይህ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ የዚህ ሥራ ትዕግሥትም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ በላላ አሸዋ የተሞላ ቱቦ ከባዶ ቱቦ እምብዛም አይሻልም። በመጨረሻ ሁለተኛው ውታፍ አሸዋውን እስኪጨምቀው ድረስ ይመታል። ቱቦው የሚሞቅ ከሆነ አንደኛው ውታፍ መሃል ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይኑረው፤ የሚሞቀው አየር መውጫ ያገኛል። ጫፎቹም ወደ ሰው አይዙሩ።

ስስ የብረት ቱቦ በአሸዋ ተሞልቶ የሚታጠፈው ክፍል ብቻ ደማቅ ቀይ እስኪሆን ይሞቃል። የሞቀው ርዝመት እጥፋቱ ከሚበላው ርዝመት ጋር ካልተመጣጠነ እጥፋቱ ወደ ሞቀው ክፍል ሸሽቶ ከልክ በላይ ይጠባል፤ ስለዚህ መታጠፍ የማይፈለገውን ክፍል በውኃ በተነከረ ጨርቅ እያቀዘቀዙ መሥራት ይጠቅማል። የሚታጠፈው በፑሌጃ ወይም በብረት ፎርማ ዙሪያ ነው። ብዙዎቹ የብረት ቱቦዎች ከላሜራ ተጠቅልለው የተበየዱ ስለሆኑ በቁመታቸው የብየዳ መስመር አላቸው፤ ያ መስመር ከጀርባም ከሆድም ርቆ በጎን በኩል እንዲውል ቱቦው ይዙር፣ ምክንያቱም በጎን ያለው ግድግዳ ብዙም አይለጠጥም፣ ብዙም አይጨመቅም። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ግን በነበልባል አይሞቅም። ዚንኩ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ጭሱን የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ እያለ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትኩሳትም ይይዘዋል። ወይ ሳይሞቅ ይታጠፍ፣ ወይ ያልተቀባ ቱቦ ይገዛ።

በረዶና በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት

የናስ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና የተጨመረበት ውኃ በቱቦው ሞልተው ያበርዱታል። ንጹሕ ውኃ ሲረጋ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል፤ ሳሙና ያለበት ግን ደቃቅ ሆኖ ስለሚረጋ ከቱቦው ጋር አብሮ ይጎብጣል። አስቀድሞ የለዘበ ቱቦ አንድ ጫፉ ይወተፍና ይሞላል፣ ቆሞ ወይም አጋድሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ያድራል። ውኃ በረዶ ሲሆን በመቶ 9 ያህል ስለሚሰፋ የላይኛው ጫፍ ክፍት ይሁን፤ ሁለቱም ጫፎች ከተዘጉ ለስላሳው ቱቦ ይፈነዳል። ከወጣ በኋላ ጓንት አድርገው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፎርማ ላይ ያጥፉት። ዘዴው ንጹሕና ርካሽ ነው፤ እርጥበት ጠላቱ ለሆነው ለማቀዝቀዣ መስመር ግን አይሆንም።

ቀድሞ እርሳስና ዝፍት ይሞላ ነበር። ለመጠጥ ውኃና ለቡና ማሽን ቱቦ እርሳስ ጨርሶ አይሞከር፤ ዝፍትም ሽታውን ትቶ ይሄዳል። በ70 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ የቢስመዝ፣ የእርሳስ፣ የቆርቆሮና የካድሚየም ድብልቅ አለ፤ ሥራው ግሩም ቢሆንም ካድሚየም መርዝ ነው። ካድሚየም የሌለው ሌላ ድብልቅ ከ94 እስከ 98 ዲግሪ ባለው መካከል ይቀልጣል፣ «በፈላ ውኃ ይቀልጣል» ተብሎም ይሸጣል። አዲስ አበባ ግን ከፍታዋ 2,300 ሜትር ያለፈ በመሆኑ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድስቱ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ድብልቁ አይቀልጥም። በሞቀ ዘይት ውስጥ ማቅለጥ ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን እርሳስ ስላለበት ለምግብና ለመጠጥ ዕቃ አይሆንም።

መልሶ መዘርጋትና መፈተሽ

ማንኛውም ብረት ኃይሉ ሲለቀቅ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል። ለስላሳ መዳብ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲመለስ ደንዳና ብረት ከዚያ በላይ ይመለሳል። ትክክለኛውን ለማወቅ ከዚያው ቱቦ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ አንድ ጊዜ መሞከር ይበቃል፤ 90 ላይ ለቀውት 86 ላይ ከቆመ ቀጣዩን እስከ 94 ያዙሩት። ጥቂት ጎድሎ የቀረውን ፎርማው ላይ መልሶ መጨመር ይቻላል። አልፎ የሄደውን መልሶ ማቃናት ግን ተለጥጦ የነበረውን ጀርባ ስለሚጨምቀው ያጨማድደዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከማነስ ወደ ልክ ይቅረቡ።

የታጠፈው ቱቦ በካሊፐር በሁለት አቅጣጫ ይለካል፣ ከጀርባ እስከ ሆድ እና ከጎን እስከ ጎን። የሁለቱ ልዩነት ለመጀመሪያው ዲያሜትር ሲካፈል ምን ያህል እንደተጠፈጠፈ ያሳያል። 9.52 የነበረው ቱቦ በአንዱ 9.0፣ በሌላው 9.9 ከሆነ በመቶ 9 ያህል ነው፤ ከመቶ 10 ካለፈ እኔ አልገጥመውም። ካሊፐር የሌለው ሰው የብስክሌት የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ኳስ ይጠቀም። ዲያሜትሩ 1/4 ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ3/8 ኢንች ቱቦ ቀዳዳ ደግሞ 7.9 ገደማ። ኳሱ በእጥፋቱ ውስጥ በራሱ ክብደት ተንከባልሎ ካለፈ ቱቦው ከቀዳዳው ስፋት ከአምስት አንድ እጅ በላይ አላጣም ማለት ነው። ከመክተትዎ በፊት ኳሱ በሌላው ጫፍ መውጣት እንደሚችል ቀጥ ባለው ክፍል ላይ ይሞክሩት፤ ጫፉ በቱቦ መቁረጫ ተጨቁኖ ጠብቦ ከሆነ ኳሱ ውስጥ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ጥሩውን እጥፋት መቁረጥ ግድ ይሆናል።

አሸዋ የተሞላው ቱቦ ሲበርድ ውታፎቹ ተነቅለው እየተንኳኳ ይራገፋል፣ በታመቀ አየር ይነፋል፣ ከዚያም በጨርቅ ቁራጭ ላይ ሽቦ ታስሮ ወዲያና ወዲህ ይጎተትበታል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደገም። ማቀዝቀዣ ላይ የሚገጠም ቱቦ ግን ከመጀመሪያውም በአሸዋ አይሞላ፤ ኮምፕረሰሩን ለመግደል የሚበቃው ጥቂት ፍሬ አሸዋ በየትኛውም ጨርቅ ላይወጣ ይችላል።